ጣሪያዬ ላይ ሶላር ልስቀል ወይስ ብሩ ባንክ ይቀመጥ?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሶላር ስለሆኑ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይቼ ይሄን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ከሐዋሳ ይበዛል፣ ከአዳማም አለ፣ ገጠር ላሉ ወላጆቻቸው የሚጠይቁም አሉ። ሁሉም በአጭሩ የሚሉት "ቤቴ ላይ መብራት ባመነጭ ያዋጣኛል ወይ?" ነው። መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም፣ ለአንዱ በሦስት ዓመት ውስጥ ብሩን የሚመልስ ነገር ለጎረቤቱ በ30 ዓመትም አይመልስም፣ ልዩነቱ ደሞ ፀሐይዋ ላይ አይደለም፣ መብራት ሲጠፋ እያንዳንዱ ቤት የሚያጣው ነገር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው የምንኖረው፣ አምስት ቤተሰብ ነን። ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ ዋይፋይ፣ ስቶቭ አለን፣ እንጀራ በሳምንት ሁለቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ እጋግራለሁ። ለመብራት በወር ወደ 1,100 ብር እንከፍላለን። አንድ የሶላር ባለሙያ መጥቶ አየና 3 ኪሎዋት ሶላር ከነባትሪውና ከነኢንቨርተሩ በ420,000 ብር እገጥምላችኋለሁ፣ ከዛ በኋላ ለመብራት ሳንቲም አትከፍሉም አለን። ባለቤቴ እቁብ ደርሶት ብሩ ስላለ ቶሎ እናድርገው ይላል፣ እኔ ፈራሁ። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ነው። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩ ከእጃችሁ ሳይወጣ መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንስራው። በወር 1,100 ማለት በዓመት 13,200 ብር ነው። ሶላሩ ክፍያችሁን ሙሉ ለሙሉ ዜሮ ቢያደርገው እንኳን (አያደርገውም፣ እመለስበታለሁ) 420,000 ብሩ የሚመለሰው ከ31 ዓመት በኋላ ነው። እስከዛ ባትሪው ሁለት ሦስቴ ይቀየራል፣ ኢንቨርተሩም (የባትሪውን ኃይል ለቤት እቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው) ቢያንስ አንዴ። ሌላም ነገር አለ፣ ያንን ብር ሳትነኩት የቁጠባ ደብተር ላይ ብታስቀምጡት ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው፣ በዓመት 29,400 ብር፣ ይሄ የዓመቱን የመብራት ክፍያ ችሎ ከግማሹ በላይ ይተርፋል። እርግጥ ነው ባንክ የተቀመጠ ብር በኑሮ ውድነቱ አቅሙን እያጣ ነው የሚሄደው፣ ባለቤትሽም ይሄን አስቦ ይሆናል ቶሎ እቃ ላይ ይዋል ያለው፣ ልክ ነው፣ ግን ባትሪም ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ እያረጀ የሚሄድ እቃ ነው እንጂ መሬት አይደለም።

አሁን "ታሪፉ እየጨመረ አይደል እንዴ?" ትይኛለሽ፣ ትክክል ነሽ። መብራት እዚህ ሀገር ለብዙ ዓመት እጅግ ርካሽ ሆኖ ነው የቆየው፣ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) እያንዳንዱ በ27 ሳንቲም ገደማ ሲሸጥ ነበር እኮ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ግን በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚሄድ አዲስ ታሪፍ ገብቷል፣ ብዙ የሚጠቀም ቤት ደሞ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ከሚጠቀመው በላይ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ዛሬ የምትከፍሉት ነገ አይሆንም። እሺ፣ ክፍያችሁ አራት እጥፍ አድጎ በወር 4,400 ገባ እንበል፣ በዓመት 52,800 ነው፣ ያኔ ሶላሩ በ8 ዓመት ገደማ ብሩን ይመልሳል። 8 ዓመት መጥፎ አይደለም። ግን ይሄ የሚሆነው ክፍያው ዛሬውኑ አራት እጥፍ ከሆነ እና ሶላሩ የቤቱን ፍጆታ በሙሉ ከሸፈነ ነው፣ ሁለተኛው ደሞ በእናንተ ቤት አይሆንም።

ለምን አይሆንም? ምጣዱን እይው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ተኩል ኪሎዋት አካባቢ ይጎትታል፣ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ምጣድ ሲለኮስበት ኦቨርሎድ ብሎ ይዘጋል። ምጣዱን የሚችል ትልቅ ኢንቨርተር ይግባ ብትሉ እንኳን ለአንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ያ ማለት መካከለኛ የሚባል የሊቲየም ባትሪ ሙሉው በአንድ ሊጥ ያልቃል ማለት ነው፣ ማታ ለመብራትና ለፍሪጅ ምንም አይተርፍም። ስቶቩም ያው ነው። ስለዚህ ሙቀት የሚያመነጭ ነገር ሁሉ፣ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ቦይለር፣ ካውያ፣ በሶላር ባትሪ ላይ ባይጫን ይሻላል፣ እነዚህን ለመስመሩ መብራት ተዉለት። እነሱ መስመሩ ላይ ከቀሩ ደሞ ቆጣሪው መቁጠሩን አያቆምም፣ ባለሙያው "ሳንቲም አትከፍሉም" ያላችሁ እዚህ ጋ ይፈርሳል።

ሌላው፣ 3 ኪሎዋት ፓኔል እኛ አካባቢ ፀሐይ በደንብ ባለበት ቀን ከብክነቱ ተቀንሶ 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊሰጥ ይችላል፣ ይሄ ከዕለት ፍጆታችሁ የሚበልጥ ይመስለኛል፣ ግን የሚመጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ነው፣ በዛ ሰዓት ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው እናንተ ስራ ናችሁ፣ ባትሪው ከሞላ በኋላ የተረፈው ዝም ብሎ ይቀራል። አንዳንድ ሻጮች "የተረፈውን ለመንግስት ትሸጣላችሁ" ይላሉ፣ በፊርማና በማህተም የተያዘ ውል እጃችሁ ላይ እስካልገባ ድረስ ይሄን ነገር ሂሳባችሁ ውስጥ በጭራሽ እንዳታስገቡት። ሐምሌና ነሐሴ ደሞ ደመናው ስለሚከብድ ምርቱ በደንብ ይወርዳል።

ታዲያ ይቅርባችሁ? አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር። አንቺን የሚያስጨንቅሽ 1,100 ብሩ አይመስለኝም፣ መብራቱ ግማሽ ቀን ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ነገር ነው፣ ልጆቹ ጨለማ ውስጥ መቀመጣቸው ነው፣ ስልኩ ነው። ይሄን ለመፍታት ደሞ መጀመሪያ ፓኔል አያስፈልግም። መብራት ሲኖር ከመስመሩ የሚሞላ፣ ሲጠፋ ራሱ ቀይሮ የሚሰጥ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃል። ልቁጠርልሽ፣ ፍሪጅሽ ሲነሳ ሲቆም ቀኑን ሙሉ 1 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ አምስት ኤልኢዲ አምፖል አንድ ላይ 45 ዋት፣ ቲቪ 80 ዋት አካባቢ፣ ዋይፋይ 10 ዋት። ይሄ ሁሉ አብሮ ቢሰራ ለአምስት ሰዓት 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 24 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 2 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ ግማሽ ቀን ጠፍቶ ቢውል ትንሽ እየቆጠባችሁ ያደርሳችኋል። ከሱ ጋር ፍሪጁ ሲነሳ ያለውን ጉትቻ የሚችል ኢንቨርተር፣ ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ለአፍታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ነው የሚጎትተው፣ ስለዚህ ከ1 ኪሎዋት በታች እንዳትገዙ፣ "ፒዩር ሳይን ዌቭ" የሚባለው ይሁን፣ ርካሹ ዓይነት ኮምፕረሰሩን እያሞቀ ያበላሻል። ይሄ ከ420,000ው በትንሽ ክፍልፋይ የሚያልቅ ነገር ነው፣ ዋጋ ቢያንስ ከሦስት ቦታ ጠይቁ። ኢንቨርተሩን ስትመርጡ ሶላር መቀበያ ያለውን ውሰዱ፣ በኋላ ታሪፉ እየከበደ ከመጣ ሁለት ፓኔል፣ ከዛ ሁለት እያላችሁ መጨመር ትችላላችሁ። ከእቁቡ የተረፈውን ብር እናንተ ታውቃላችሁ።

የውሃ ቦይለር ካላችሁ ደሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቦይለር በቤት ውስጥ ከምጣድ ቀጥሎ ቆጣሪ የሚያስሮጥ እሱ ነው፣ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው በፀሐይ ውሃ የሚያሞቀው ጋን (ባትሪ የለው ኢንቨርተር የለው፣ ቱቦና ጋን ብቻ ነው) ለብዙ ቤት ከመብራቱ ሶላር ቀድሞ ብሩን የሚመልሰው እሱ ነው። ሰው ግን አይጠይቅም፣ ሁሉም ፓኔል ፓኔል ነው የሚለው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል አጠገብ ዓሣ እሸጣለሁ፣ ሁለት ዲፕ ፍሪዘር አለኝ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ነው የማስነሳው፣ በአማካይ በቀን ሦስት ሰዓት ይሰራል፣ በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ቤንዚን ይበላል፣ ሊትሩን 125 ሂሳብ አድርገው፣ ቤንዚን ለማግኘት ራሱ ሰልፍ ነው። ለኔ የተጠየቀው 380,000 ብር ነው። የጓደኛዬ ቤት ላይ አያዋጣም ብለህ ነበር አሉኝ፣ እኔም ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ያንተ ነገር ከአቶቴዋ እህታችን ጋር በፍፁም አይገናኝም። አንተ የምታወዳድረው ሶላርን ከመስመር መብራት ጋር ሳይሆን ከቤንዚን ጋር ነው፣ ቤንዚን ደሞ መብራት ለማመንጨት በጣም ውዱ መንገድ ነው። ትንንሽ ጀነሬተር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማውጣት ግማሽ ሊትርና ከዛ በላይ ይበላል፣ ያውም ደህና ሲሰራ፣ ያንተ ደሞ በትንሽ ጭነት ስለሚሮጥ ከዛም ይብሳል። በቀን 3 ሊትር በ125 ሂሳብ 375 ብር ነው፣ በወር 11,250፣ በዓመት 135,000 ብር። ዘይቱ፣ ካንዴላው፣ ሰልፍ ላይ የምታቃጥለው ሰዓት አልተቆጠረም። 380,000ው በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ይመለሳል፣ ሊቲየም ባትሪ በደንብ ከተያዘ 10 ዓመት አካባቢ ይሄዳል፣ የቀረው ላንተ ነው።

ግን ከመክፈልህ በፊት ለሁለት ሳምንት አንድ ነገር አድርግልኝ፣ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፍ። አብዛኛው ቀን ላይ ከሆነ የሚጠፋው ፓኔል አብዝተህ ባትሪ መቀነስ ትችላለህ፣ ማታ ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ ባትሪ ደሞ ከሁሉም ውዱ እሱ ስለሆነ ይሄ መረጃ ብዙ ብር ያድንሃል። ሌላው ደሞ ፍሪዘሩ ራሱ ብርድ ያጠራቅማል። ፀሐይ ባለበት ሰዓት መቆጣጠሪያውን ወደ ከፍተኛው ብርድ አድርገህ ከታችና ከጎን ውሃ የሞሉ ጀሪካን ወይም ፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጥ፣ በረዶ ይሁኑ፣ ማታ ፍሪዘሩ ሳይከፈት እነሱ ይይዙታል። ሙሉ የሆነ ዲፕ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ ከአንድ ቀን በላይ በረዶውን ይጠብቃል። ሱቅ ላይ መክፈት አይቀርም አውቃለሁ፣ ስለዚህ አንዱን ለችርቻሮ አንዱን ለክምችት ለይ፣ የክምችቱ በቀን አንዴ ብቻ ይከፈት።

አሞራ ገደል ስላልክ ደሞ፣ እዛ አካባቢ አባ ኮዳዎቹና ሌሎቹ ወፎች ጣሪያ ላይ ነው ውሎአቸው፣ ኩሳቸው ፓኔል ላይ ከደረቀ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ፣ ፓኔሎቹ ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ ጥግ ሲሸፈን የሌሎቹንም ምርት ይጎትታል። ዛፍ ጥላም እንደዛው ነው፣ የሐዋሳ ዋርካ ቆንጆ ነው ግን ጥላው ቀትር ላይ ፓኔልህ ላይ ካረፈ ብርህን ነው የሚበላው። በሳምንት አንዴ በጠዋት፣ ፓኔሉ ሳይሞቅ፣ በንጹህ ውሃና በጨርቅ ይጠረግ፣ በአሸዋና በሽቦ አትፈትጉት።

ጀነሬተሩንም አትሽጠው፣ ሐምሌ ላይ ተከታታይ ደመና ሲመጣ ትፈልገዋለህ። ብቻ አንድ ነገር አደራ፣ ጀነሬተርም ሶላርም ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ መሀል ላይ ቼንጅ ኦቨር (አንዱ ሲገባ ሌላውን የሚቆርጥ መቀያየሪያ) ሳይኖር በዲቫይደር በኩል ወደ ቤት መስመር የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፣ ይሄ ሰው ይገድላል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሰራተኛ ካንተ ቤት በተላከ መብራት ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከአዳማ ነኝ። እዚህ ንፋሱን ታውቀዋለህ፣ ተራራው ላይ ያሉት ተርባይኖች ቀን ከሌት ነው የሚዞሩት። ኦንላይን ላይ ጣሪያ ላይ የሚገጠም 1,000 ዋት የሚል ትንሽ የንፋስ ተርባይን አየሁ። ከሶላር አይሻልም? ማታም ይሰራል።

መልስ፦ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም አዳማ ያለ ሰው በየቀኑ እነዛን ተርባይኖች እያየ ይሄን ባያስብ ነው የሚገርመው። ግን ጣሪያህ ላይ አይሰራም፣ ምክንያቱን ላስረዳህ።

የንፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ በግማሽ ሲወርድ ደሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። አዳማ 1 የሚባለው 51 ሜጋዋት ጣቢያ 34 ተርባይን ነው ያለው፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት ነው፣ አዳማ 2 ደሞ 153 ሜጋዋት ነው፣ ሁለቱም የተተከሉት ምንም ነገር በማይጋርደው ከፍታ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ተርባይን ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሰሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 77 ሜትር ነው። ከተማ ውስጥ ግን ንፋሱ በፎቁ፣ በዛፉ፣ በአጥሩ እየተመታ ተሰባብሮ ነው ጣሪያህ ላይ የሚደርሰው፣ አቧራ ያነሳ ይሆናል ግን አቅጣጫው ይቀያየራል፣ ይነሳል ይተኛል።

ቁጥሩን እየው። 2 ሜትር ስፋት ያለው ተርባይን፣ ጣሪያህ ላይ በሰከንድ 5 ሜትር ንፋስ አገኘ እንበል፣ ይሄ ለከተማ ቤት ጥሩ የሚባል ንፋስ ነው፣ ከዛ የሚወጣው 50 ዋት አካባቢ ነው። በሰከንድ 4 ሜትር ከሆነ 25 ዋት። 1,000 ዋት የሚለው ጽሑፍ ሰው እንኳን ቆሞ መሄድ የሚቸገርበት ዓይነት ንፋስ ሲነፍስ የሚገኝ ነው። አንድ 550 ዋት ፓኔል በደህና ቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጥሃል፣ 50 ዋት ተርባይንህ ያንን ለማምጣት 40 ሰዓት ያለማቋረጥ መዞር አለበት። ከዛ ላይ ደሞ የሚንቀሳቀስ እቃ ነው፣ ኩሽኔታውና የሚሽከረከረው ክፍሉ ይበላል፣ ይንጫጫል፣ ቆርቆሮ ጣሪያውን ያንቀጠቅጣል። ብርህን ለፓኔል አድርገው። ከከተማ ወጣ ብሎ ገላጣ ኮረብታ ላይ መሬት ካለህ ደሞ ሌላ ወሬ ነው፣ ያኔም መጀመሪያ ለዓመት ንፋሱን ለክተህ ነው።

ጥያቄ፦ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ነው መዞር ያለበት ይላሉ፣ የኔ ጣሪያ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ነው፣ የብረት ማቆሚያ ለማሰራት ሌላ ብዙ ሺ ብር ተጠየቅሁ። (ከሐዋሳ ታቦር)

መልስ፦ አትክፈል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል አናታችን ላይ ነች፣ እንደውም ከሚያዝያ መግቢያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ቀትር ላይ ከኛ በስተሰሜን ነው የምትሆነው። ስለዚህ ግማሹ ወደ ምሥራቅ ግማሹ ወደ ምዕራብ ቢሆን እንኳን የምታጣው ትንሽ ነው፣ ጥቅምም አለው፣ ምርቱ ጠዋትና ወደ ማምሻው ትንሽ ይረዝምልሃል። ዋናው ጥላ እንዳይኖር ነው፣ ቢያንስ 10 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለቱ ነው ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው፣ እና ከቆርቆሮው ላይ ተነስቶ በስሩ አየር እንዲገባ ነው፣ ፓኔል ሲሞቅ ምርቱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ግድቡ ተመርቋል አይደል፣ ከዚህ በኋላ መብራት መጥፋቱ ይቀራል ብዬ ሶላሩን ብተወው እሳሳታለሁ? ጡረተኛ መምህር ነኝ፣ በጡረታ የተገኘች ትንሽ ብር ናት።

መልስ፦ ጋሼ፣ ህዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ከማንም በላይ ደስ ብሎኛል፣ 5,150 ሜጋዋት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እርስዎ ሰፈር መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት ስላነሰ ሳይሆን ሰፈሩ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ፣ ምሰሶ ስለወደቀ፣ ዝናብ ሲመጣ ሽቦ ስለተነካካ ነው። ግድቡ ይሄን በአንድ ቀን አያስተካክለውም፣ መስመሩ ነው መታደስ ያለበት፣ እሱ ደሞ ጊዜ ይፈልጋል። ለእርስዎ የምመክረው ግን ትልቁን ሶላር አይደለም። የጡረታ ብርን በአንድ ጊዜ ጣሪያ ላይ ማውጣት አልስማማበትም፣ ህመም አለ፣ ድንገተኛ ነገር አለ። ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለሬዲዮና ለትንሽ ቲቪ የሚሆን አነስተኛ ባትሪ ያለው ነገር ይበቃዎታል፣ ፍሪጁን መብራት ሲጠፋ አለመክፈት ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ባትሪ መኪና ገዝቼ ታክሲ እሰራለሁ፣ በቀን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። ቤቴ ላይ ሶላር ሰቅዬ መኪናዬን በነፃ ቻርጅ ባደርግስ?

መልስ፦ 120 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 20 ኪሎዋት ሰዓት ነው የምትፈልገው፣ ለዚህ 5 ተኩል ኪሎዋት ገደማ ፓኔል ይበቃል፣ ጣሪያህ ከቻለ። ችግሩ መኪናህ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ቤት የለም፣ መንገድ ላይ ነው፣ ማታ ለመሙላት ደሞ 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቤት ውስጥ መግዛት ሊኖርብህ ነው፣ እሱ ብቻውን ዋጋው ሰማይ ነው። የቤንዚን መኪና ያን ያህል ለመሄድ 10 ሊትር አካባቢ ይበላ ነበር፣ በ125 ሂሳብ 1,250 ብር። አንተ የመብራቱ ታሪፍ ወደፊት ኪሎዋት ሰዓቱ 6 ብር ቢገባ እንኳን 120 ብር ነው የምታወጣው። ትልቁን ትርፍ መኪናውን ስትገዛ አግኝተኸዋል፣ ከመስመሩ ማታ ማታ ሙላ፣ ሶላሩን እርሳው። ለሶላር ያሰብከውን ብር ግን ለቤትህ መስመር አውጣው፣ ለቻርጀሩ ብቻ የሚሆን ወፍራም ገመድ ከቆጣሪው ቀጥታ ይምጣ፣ የራሱ ብሬከርና ግራውንድ ይኑረው። በተራ ዲቫይደር ሌሊቱን ሙሉ መኪና ቻርጅ ማድረግ ቤት ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ አባቴና እናቴ ከይርጋለም ወጣ ብሎ ገጠር ናቸው፣ መስመር አልደረሰም። አባቴ ስልክ ለማስሞላት ገበያ ድረስ ሄዶ በአንድ ጊዜ 10 ብር ይከፍላል፣ ማታ ኩራዝ ነው። እኔ ሐዋሳ ተቀጥሬ ነው የምሰራው፣ ብዙ ብር የለኝም።

መልስ፦ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ምንም ሂሳብ ሳልሰራ ግዛ የምለው ላንተ ነው። መስመር ያልደረሰበት ቤት ሶላር የሚወዳደረው ከጋዝና ከገበያ መንገድ ጋር ነው፣ በሀገሪቱ ገና ግማሽ ገደማ የሚሆነው ሕዝብ መብራት የለውም፣ ለነሱ ትንሿ ሶላር ትልቅ ነገር ናት። ለወላጆችህ ትልቅ ነገር አያስፈልጋቸውም፣ ከ20 እስከ 50 ዋት የሆነች ፓኔል፣ ሦስት አራት አምፖል፣ ስልክ መሙያና ሬዲዮ ያላት፣ ባትሪዋ አብሮ የታሸገ ስብስብ ትበቃለች። በየወሩ እየተከፈለ የሚሸጥም አለ፣ ጠቅላላ ድምሩ ከእጅ በእጅ ዋጋው ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን ቀድመህ ደምረው። ኩራዙ መቅረቱ ራሱ ለእናትህ ዓይንና ሳንባ ነው። ከብት ካላቸው፣ አራት ያህል ላም ታስሮ የሚውል ከሆነና ውሃ ቅርብ ከሆነ፣ ባዮጋዝ ጠይቅላቸው፣ ለምግብ ማብሰያ ማገዶውን ይተካል፣ እንጀራ ለመጋገር ግን የተለየ ምጣድ ስለሚፈልግ ሁሉንም እንዲያደርግ አትጠብቅ።

ስትገዛ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ የባትሪውን ዓይነት ጠይቅ። አሲድ ባትሪ ወይም ጄል የሚባለው ርካሽ ነው ግን ግማሹን ብቻ ነው ሳይጎዳ የምትጠቀምበት፣ ባዶ እስኪሆን ከተጠቀሙበት በሁለት ዓመት ይሞታል፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት (LiFePO4) የተጻፈበት ከሆነ ብዙ ሺ ጊዜ ይሞላል ይራገፋል። ፓኔሉን ገልብጠህ ከጀርባው የተለጠፈውን ዋት አንብብ፣ ስፋቱንም እይ፣ 550 ዋት የሚባል ፓኔል ከ2 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፣ አጠር ብሎ ትልቅ ዋት የተጻፈበት ካየህ አትግዛው። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ላይ የሱቁ ማህተም ይኑር፣ የእቃው መለያ ቁጥር ይጻፍበት፣ እና ከመውሰድህ በፊት እዛው ሱቁ በር ላይ ፀሐይ አስመታውና ባትሪው መሙላት መጀመሩን አይተህ ውሰድ።